ብረቱ አይቀንስም

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ዛሬ በሰው ፊት ተከራከርኩ። አልወድም። ዝም ብል ግን ብስክሌቷን እንደ ቅርጫ በሬ ብልት በብልት ሊከፋፈሏት ነበር።

ነገሩን ያመጣው ሙስዐብ ነው፤ ኮሌጅ ስፖርት ተምሮ መጥቶ የከሚሴን ብስክሌተኞች የሚያሠለጥነው ልጅ። ከአስር ሶላት በኋላ ሱቄ መጣና የሚስራን ብስክሌት በአንድ እጁ አንስቶ መዘናት።

"አያ ሸረፈዲን፣ ይቺ ብስክሌት ናት ወይስ የግቢ በር?"

ጎረቤቴ እህል ነጋዴው አብደላ ነገር ይወዳል። "ና እንስቀላትና ራሷ ትናገር" አለ። ከሚዛኑ መንጠቆ ላይ ሰቀሏት። አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል። ሙስዐብ ኮምቦልቻ ላይ ሚስራን የሚገጥሟት ልጆች የሚነዱት ስምንት ተኩል ነው አለ። ዳገት ላይ አራት ኪሎ ትርፍ አሸክሞ ልጅ መላክ ግፍ ነው አለ። መሪው በአሉሚኒየም ይቀየር፣ የኮርቻው ዘንግ በካርቦን ይቀየር፣ ቸርኬው ይቀየር፣ ፔዳሉ ይቀየር። ታዲያ ምን ሊቀር?

ይህችን ብስክሌት የሠራኋት እኔ ነኝ። አካሏን ደሴ አንድ ግቢ ጥግ ዝጎ አገኘሁት። ሌላውን ከባቲ ገበያ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሞተ ሰው ዕቃ እየለቀምኩ ገጠምኩ። ማንም አላስተማረኝም። ፊደልንም እንደዚሁ ነው ከጋዜጣ ቁራጭ ላይ ለይቼ የያዝኩት።

"ብረቱ አይቀንስም" አልኩት። "ብረት ታማኝ ነው። ሊሰበር ሲል ይጎብጣል፤ አስቀድሞ ይነግርሃል። ያ ያንተ ካርቦን ሳይናገር ነው የሚከዳህ። መቀነስ ካለበት ሰው ይቀንስ።"

ሚስራን ጠራኋትና የጆንያ መመዘኛው ላይ ውጪ አልኳት። ሃምሳ አራት ኪሎ። "ይኸው! የምትፈልጉት አራት ኪሎ እዚህ ላይ አለ" አልኳቸው። ሰዎቹ ሳቁ። ሚስራም የሳቀች መሰለኝ። ሻርፗን አስተካክላ ወረደች።

ሚስራ የልጄ የሰብሪና ልጅ ናት። እናቷ ዓረብ አገር ስትሄድ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ እኔና ባለቤቴ ፋጡሜ አሳደግናት። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በግንቦት መጨረሻ ኮምቦልቻ በሚደረገው ውድድር ከቀናት ክለብ ይወስዳታል። ከቀናት ደግሞ በኔ ብስክሌት ነው የሚቀናት።


ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሚስራ ጾማ ዋለች። ፋጡሜ ምሳ ስታቀርብላት "ቀዷ አለብኝ" አለች፤ ፋጡሜ ዞር ብላ አየቻት። በረመዷን ሴት ልጅ የማትጾማቸው ቀኖች አሉ፤ በኋላ ትከፍላቸዋለች። ስንት ናቸው ብሎ ወንድ አይጠይቅም፣ አያትማ ጭራሽ። "አላህ ይቀበልሽ" ብዬ ተነሳሁ።

ጾማም ሐርቡ ድረስ ነድታ ተመለሰች።

መግሪብ ላይ በቴምርና በውኃ አፈጠረች። ሁለት ጊዜ ጎርሳ እጇን ታጠበች። ፋጡሜ ሳህኑን እየገፋችላት "ኛዱ ኢንተሎ፣ ኛዱ" ትላለች፤ ብዪ ልጄ ብዪ ነው። ስትጨነቅ ኦሮምኛው ይቀድማታል።

"ተያት" አልኳት። "ዳገት በሆድ አይወጣም።"

ሚስራ ቀና ብላ አየችኝ። ደስ ያላት መሰለኝ።


ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስንመለስ ለአብደላ ነገርኩት። ከሚሴ ውስጥ በዚህ ዕድሜዋ ቀዷዋን ቶሎ የምትከፍል፣ ከዚያም አልፋ ሰኞና ሐሙስን የምትጾም ስንት አለች? የኔዋ ናት።

አብደላ ቀልድ አያጣም፤ ዛሬ አጣ። "ሸረፌ፣ ልጅቱን አይተሃታል?" አለኝ።

በየቀኑ አያታለሁ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?


ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

መንገዱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ሚኒባሶቹ ተንቀሳቀሱ፤ ሚስራም ወጣች።

ለውኃ ወደ ቤት ብቅ ስል ፋጡሜና ሙስዐብ በሩ ሥር ቆመዋል። "ስንት ደረሰ?" ትለዋለች። "ወደ ሁለት ኪሎ ወርዷል፣ እማማ።" "እሷስ?" "እሷ ገና ናት። ቃል ግን ገብታለች።" ሲያዩኝ ዝም አሉ። ምንድን ነው የወረደው ብል ፋጡሜ "የስኳር ዋጋ" አለች። ስኳር በኪሎ ሲወርድ የሰማሁት ዛሬ ነው።

የፋጡሜ ጣቶች ግራጫ ቀለም ነክቷቸዋል። በሩን ቀባሁት አለች። በሩን አየሁት፤ ያው ነው።

ሚስራ ስትመለስ ሳልጠይቃት "ዳገቱ ዛሬ ቀለለኝ፣ አባባ" አለችኝ። ይኸው ብረት። ሲለመድ ይታዘዛል። ሙስዐብ ይስማ።

ቸርኬውን ላቃና ስነሳ የሱቁ አምፖል ደክሞብኝ ተውኩት። አምፖል እንደ ድሮው አይሠሩም። የቸርኬው ራጆች፣ ቀጫጭን ሽቦዎቹ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ።


ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

በባጃጅ ጨፋ ሮቢት ድረስ ተከተልኳት። ሜዳ ስለሆነ እግሯን ማየት ፈልጌ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ሄደች፤ በኋላ ዘገየች። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ እሷ ጃኬት ለብሳለች። በረደኝ አለች። በጨፋ፣ በሚያዝያ!

ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ ቆም ብላ "ማል ታቴ፣ ይቺ ልጅ ምን ሆነች? ወባ ይዟት ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"ጾመኛ ናት" አልኳት።

"ጾምማ እኛም እንጾማለን" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ሰው የማያገባው ነገር የለም።

ስንመለስ ባጃጁ ላይ ትሳፈር ወይ ብሎ ሹፌሩ ጠየቀ። ብስክሌት እያላት? አልኩት። ነዳች። ከሚሴ ስንደርስ እግሯን መሬት አድርጋ ለመቆም የሱቁን ግድግዳ ያዘች። ብርታቷን ወደድኩላት።


ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ፋጡሜ የሚስራን ማበጠሪያ አምጥታ ፊቴ አኖረችው። ፀጉር ሞልቶበታል።

"ይኸን እየው።"

"ፀጉር ይረግፋል። የኔም ረግፏል።"

"ያንተ በስልሳ ዓመትህ ነው!"

ማበጠሪያውን እዚያው ትታው ሄደች። ብስክሌቷን አልተውም ብዬ በፀጉር ሊያስፈራሩኝ ነው። እኔ በፀጉር አልፈራም።


ግንቦት 2፣ ቅዳሜ



ዛሬ ሚስራ ተኝታ ስለነበር ብስክሌቷን ወደ ውጭ፣ ወደ ፀሐዩ አወጣኋት። መሪው ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ቆሽሿል፤ ልቀይረው ፈለግሁ። ጫፉን ስይዝ ጥምጥሙ ወደ ውጭ ነው። እኔ አርባ ዓመት ወደ ውስጥ ነው የምጠመጥመው፤ የነጂው እጅ ሲጎትት እንዲጠብቅ። ይህን የጠመጠመው ሌላ ሰው ነው።

ፈታሁት። ከሥሩ ያለው መሪ የኔ አይደለም። በጥፍሬ ፋቅሁት፣ ነጭ። አሉሚኒየም። የኮርቻውን ዘንግ በምላጭ ፋቅሁት፤ ግራጫው ቀለም ተላጠና ጥቁር ሆነ። ካርቦን። ቸርኬዎቹን አየሁ፣ ፔዳሎቹን አየሁ። ሁሉም ሌላ። የኔን አሮጌ ቀለም፣ የኔን አሮጌ ጨርቅ አልብሰው ሌላ ብስክሌት አቁመውልኛል። አነሳኋት። እንደ ባዶ ቅርጫት ተነሳች። ስንት ሳምንት በዚህ ስነዳ፣ ማለቴ ስትነዳ፣ እኔ ብረቱን ሳመሰግን ኖርኩ።

ፋጡሜን ጠራኋት። አልካደችም። እንኳን ልትክድ!

"የገጠመው ሙስዐብ ነው። ያንተን ዕቃ አብደላ መጋዘኑ አኑሮልሃል፣ አንድም አልጠፋም። ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ከግቢው በር የተረፈውን።"

"ሚስራስ?"

"ታውቃለች።"

አራት ሰው። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰፈር፣ አራት ሰው ሆነው አንድ ሽማግሌ አታለሉ። አብደላን ሃያ ዓመት ጎረቤት ብዬዋለሁ። ፋጡሜንማ ምን ልበል? ዓይኔ እንዳያየው አስባ ቀለም ቀባች። ዓይኔ ጤነኛ ነው። አምፖሉ ነው።

"ለምን?" አልኳት።

"ልጅቱ እንድትበላ ነው" አለች። "ሙስዐብ ካንቺ የሚቀነሰውን ከብስክሌቷ እቀንስልሻለሁ፣ አንቺ ብዪ ብሎ አስማላት። መሪው የተቀየረ ለት ምሳ በላች..."

ብስክሌትና ምሳ ምን አገናኘው? ሰበብ ነው። አላስጨረስኳትም። መሪውን ፈትቼ አወጣሁና በጉልበቴ ይዤ የብረት መጋዙን አነሳሁ። ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። ቅቤ ነው፤ መጋዙ እንኳ አልሞቀም። የኮርቻውን ዘንግም ቆረጥኩት። አቧራው ጥቁር ነው፣ ይከረክራል። "ይኸው ብረታችሁ!" አልኩ።

ቀና ስል ሚስራ በሩ ላይ ቆማለች። ዞራ ገባች።


ግንቦት 3፣ እሑድ

አብደላ የኔን ዕቃ በጆንያ ይዞ መጣ። ሱቁ ደጃፍ አስቀምጦ "ሸረፌ፣ ስማኝማ" አለ።

"ሚዛንህን ለእህልህ አድርገው" አልኩት።

"እሺ። ግን ሚዛኑ ላይ ያወጣሃት አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም።"

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በኋላ ሙስዐብ መጣ። ይጮሃል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ለቅሞ ከፔዳሎቹ ጋር በፌስታል ከተተና ቸርኬዎቹን በትከሻው አንጠልጥሎ ሄደ። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ።


ግንቦት 4፣ ሰኞ

ሁሉንም መልሼ ገጠምኩ። አሥራ ሁለት ተኩል። እንደ ነበረች።

ሚስራ ተቀበለችኝ። ጾማለች።


ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ጾማለች። ፋጡሜ አታናግረኝም። ምግቤን አቅርባ ትወጣለች። ቤት ውስጥ የሚሰማው የኔ ማንኪያ ብቻ ነው።


ግንቦት 8፣ ዓርብ

ዛሬም ጾማለች። ዓርብን ለብቻው መጾም አይወደድም ልላት ነበር። ቀዷ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ስንት ቢሆን ነው ግን?


ግንቦት 10፣ እሑድ

ሐርቡ ዳገት። ወድቃለች። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከአስፋልቱ ዳር አንስቷት። ጤና ጣቢያ። ራሷን አታውቅም ነበር፣ አሁን ታውቃለች። ክንዷ ተልጧል፣ አጥንት አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ። ብስክሌቷ ደኅና ናት። ምንም አልሆነችም።

ይህን ለምን ጻፍኩት? ስለ ብስክሌቷ ማን ጠየቀ።


ግንቦት 11፣ ሰኞ

ትናንት የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ። ካልጻፍኩት ነገ እንደሚመቸኝ አድርጌ ነው የማስታውሰው።

ነርሷ ዘምዘም ትባላለች፤ የከሚሴ ልጅ ናት። ግሉኮሱን ሰክታ "አባባ፣ ይቺ ልጅ በደንብ ያልበላችው ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ።

"ጾመኛ ናት።"

"አሁን ምን ጾም አለ?"

ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ቀዷ" አልኳት። ሴት ስለሆነች ይገባታል።

ፋጡሜ ከአልጋው ማዶ ቆማ ነበር። ስምንት ቀን ያላናገረችኝ ሴት ያን ጊዜ ተናገረች። "የምን ቀዷ! ቀዷዋን ከዒድ በኋላ ወዲያው ከኔ ጋር ጾማ ጨርሳለች። ሌሊት አብረን ነው ስሁር የበላነው፣ አብረን ነው ያፈጠርነው። ያ ሚዛን ላይ ካወጣሃት ቀን ወዲህ ያለው ቀዷ አይደለም። ነግሬህ ነበር። በማበጠሪያ ነገርኩህ፣ በአፌ ነገርኩህ፣ አላስጨረስከኝም።"

ዘምዘም ሚስራን ደግፋ ሚዛን ላይ አቆመቻት። አርባ አምስት።

እኔ አራት ነው ያልኩት። አራት።

ከዚያ ወደ ሚስራ ዞርኩ። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም ተቆጥቻለሁ፤ መቆጣት መብቴ ነው። ሌላው ቢያታልለኝ የዱንያ ነገር ነው። እሷ ግን በአላህ ጾም ነው ያታለለችኝ። እኔ መስጊድ በር ላይ ቆሜ በጾሟ ኮርቻለሁ።

"ዋሸሽኝ" አልኳት።

"አልዋሸሁም፣ አባባ። ቀዷ ያልኩት የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው፤ እሱስ ውሸት ነው፤ አላህ ይማረኝ። ከዚያ ወዲህ አንቱ ራስዎ ነዎት ጾም ያሉት። እኔ አልበላም ብቻ ነው ያልኩት።"

"ጾም በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው። ለማን ነይተሽ ነው የራብሽው?"

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መሰለኝ። ቆይታ ግን "ሳህኑን ስገፋ ደስ ይልዎት ነበር" አለች።

ወጣሁ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ፍየል አስሮ ቁጭ ብሏል። ሰላም አለኝ። መመለሴን አላስታውስም።


ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ሙስዐብ ቤት ሄድኩ። የሄድኩት ልወቅሰው ነው። ልጅ እየራባት ከነበረ ለኔ መንገር ሲገባው ቀለም ማስቀባት ምን ማለት ነው? ልለው።

ክፍሉ ግድግዳ ላይ የራሱ ብስክሌት ተሰቅላለች። ቀይ ናት፣ ቆንጆ። መሪ የላትም። የኮርቻ ዘንግ የላትም። ፔዳል የላትም። ቸርኬዎቿ ሥሯ ተደግፈዋል፤ ከኔ ሱቅ በትከሻው ይዞ የሄደው እነሱን ነው።

ቆሜ ቀረሁ።

"ከዚህ ነው የፈታኸው?"

"ከየት አመጣለሁ ታዲያ፣ አያ?" አለ። "ይግቡ፣ ቁጭ ይበሉ።"

"አንተስ አትወዳደርም?"

"ዘንድሮ ይለፈኝ።"

ያዘጋጀሁት ወቀሳ ነበር። "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። ይኸው ብቻ ወጣኝ።

"ነገርኩዎት እኮ። መጀመሪያ ቀን ብስክሌቷ ትቅለል አልኩዎት። ልጅቷን ነው የመዘኑልኝ።" ወደ ቀይዋ ብስክሌት ቀና አለ። "ከዚያ በኋላ ብነግርዎ ከብስክሌት ያስወርዷታል ብዬ ፈራሁ። እሷም እንዳልነግር አስምላኛለች። ጥፋት ነው። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።"

ጥፋት ነው ሲል ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ ወዲያው አፈርኩ።

የቆረጥኩበትን ነገር በተመለከተ የሚባል ቃል አለ፤ አውቀዋለሁ። ሁለቴ አፌ ላይ መጣ። ስነሳ ግን "ሰንሰለቷን ዘይት ቀባት፣ ቆማ እንዳትዝግ" አልኩት።

"እቀባታለሁ፣ አያ" አለኝ።


ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ሚስራ ቤት መጥታለች። ፋጡሜ የአጥሚት ሲኒ ይዛ ትመላለሳለች። ሚስራ ትቀምሰውና ታስቀምጠዋለች። እኔ ስገባ ጭራሽ ትገፋዋለች። ፋጡሜ "አንተ ስትኖር አይወርድላትም፣ ውጣልኝ" አለችኝ። ከገዛ ቤቴ።

ወጣሁ።


ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ ብዪ ልላት ገባሁ። አንድ ቃል ናት። ሕፃንም ይላታል፤ ፋጡሜ በሁለት ቋንቋ ትላታለች።

አልጋው ጫፍ ቁጭ አልኩ። ሲኒው አለ፣ ቀዝቅዟል። "መቼ ነው የምትነሺው?" አልኳት። እሷም "ውድድሩ ስንት ቀን ቀረው?" አለች። ሙስዐብ ዘንድሮ አትወዳደሪም ማለቱን ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"አንቱስ ምን አሉ?"

"እሱ አሠልጣኝ ነው።"

"አንቱስ?"

ብትበዪ ትደርሻለሽ ልል ነበር። ውሸት ነው። ባትበዪም ትደርሻለሽ ልል አልችልም። ብስክሌቷን ላቅልልሽ ልል ነበር፤ የሚያቀላትን በመጋዝ ቆርጫለሁ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ድሮው ቁጣ አደረገችው መሰለኝ፣ ሲኒውን ከራሷ ትንሽ ራቅ አደረገችው። እንዲህ፣ በሁለት ጣት።

ደስ እንዲለኝ ነው።

ሲኒውን አንስቼ ራሴ ጠጣሁት። ሌላ ምን ላድርገው? ባዶውን ይዤ ወጣሁ። ፋጡሜ ጠጣች ብላ አላህን አመሰገነች። አላረምኳትም። እኔም አሁን ከአታላዮቹ ነኝ።


ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ከሱብሒ ሶላት ስመለስ የሚስራ አልጋ ተነጥፏል። ልብሷ የለም።

ፋጡሜ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ኮምቦልቻ ናት አለች። የሙስዐብ የቀድሞ አስተማሪ እዚያ ክለብ ያሠለጥናል፤ ልጆቹ አንድ ግቢ ውስጥ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ሙስዐብ ለምኖ አስገባት። ሐኪም ፈቃድ እስኪሰጣት አትነዳም፤ መብላት ነው ሥራዋ። ከዚያ በኋላ ብስክሌት እነሱ ይሰጧታል።

"ስንት ኪሎ የሆነ?" አልኩ። አፌ ነው።

ፋጡሜ ቀና ብላ አየችኝ። "አላውቅም። አልጠየቅሁም።"

ማን ማን ያውቅ ነበር? አብደላ ሻንጣ አውሷል። ሚኒባሱን ሙስዐብ ነው ያስቆመው። ለሰብሪናም በስልክ ተነግሯታል፤ ዓረብ አገር ያለ ሰው አውቋል። ጎረቤት አውቋል። እኔ መስጊድ እያለሁ፣ ሰዓቱን መርጠው። ለሁለተኛ ጊዜ። እናቷም የሄደች ለት እንዲሁ ነበር፤ ሱቅ ሆኜ ነው የሰማሁት። ሰው ከኔ ቤት የሚወጣው ሁልጊዜ እኔ በሌለሁበት ነው።

"ለምን ደበቃችሁኝ?"

"ብንነግርህስ?"

እከለክል ነበር። አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ቢሆንም ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። የመከልከል መብት አለኝ። ወይም ቢያንስ ሻንጣዋን እስከ መኪናው የማድረስ።


ግንቦት 22፣ ዓርብ

አንድ ገበሬ የሚስራን ብስክሌት ልግዛ አለ፤ ለልጁ ትምህርት ቤት መመላለሻ። አይሸጥም አልኩት። አብደላ ከማዶ ሰምቶ "ለማን ነው የምታቆያት?" አለኝ። ጆንያውን ካመጣበት ቀን ወዲህ ሲያናግረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ላንተ" አልኩት። "ትንሽ ቀንስ።"

ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ቀንስ ማለቴን ግን ራሴ ሰማሁት።


ግንቦት 24፣ እሑድ

ውድድሩ ዛሬ ነው። አልሄድኩም። ማንም ና አላለኝም።

ሱቅ ከፍቼ ዋልኩ። ብስክሌተኛው ሁሉ ኮምቦልቻ ስለሄደ አንድም ሰው አልመጣ።


ግንቦት 25፣ ሰኞ

ዙህር ሰግጄ ስገባ ፋጡሜ በስልክ ታወራለች። ከማን ጋር እንደሆነ ከፊቷ አወቅሁ። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ራሴን በእምቢታ ነቀነቅሁ። የዋሸኝን ሰው፣ ጥላኝ የሄደን ሰው በስልክ ይቅር አልልም። እሷም ይቅርታ አልጠየቀችኝ። መደቡ ላይ፣ ራቅ ብዬ ቁጭ አልኩ። ፋጡሜ ስልኩን በማጉያው ለቀቀችው።

ሚስራ ስለ ትናንቱ ውድድር ታወራለች። ዳር ቆማ ነው ያየችው። አንዲት የደሴ ልጅ ናት ያሸነፈችው፤ እግሯ እንዲህ ወፍራም ነው እያለች ትስቃለች። ድምፅዋ በየመሃሉ ይቋረጣል፣ ቀጥ ይላል፣ እንደገና ይመጣል። መስመሩ ነው ብዬ ነበር።

"ምንድን ነው የሚንኳኳው?" አለቻት ፋጡሜ።

"ቆሎ ነው፣ እማማ።"

"ምሳሽን ትተሽ?"

"ምሳማ በላሁ! ይኸ ትርፍ ነው። እዚህ እኮ አፍ ባዶ ከሆነ ይቆጡሻል።"

ከዚያ ምንም አላወራችም። እየቆረጠመች ነው።

ፋጡሜን ድምፁን ከፍ አድርጊው አልኳት።